የሰፊ ሴንሰር ጥያቄ፦ ዲጂታል መካከለኛ ፎርማት ፎቶግራፍ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ አንጻር

መግቢያ፦ የጥያቄው ዳር ድንበር

መካከለኛ ፎርማት የሚባለው ካሜራ ጥቂቶች የሚይዙት፣ ብዙዎች ግን የሚከራከሩበት መሣሪያ ነው። የፎቶግራፍ ወዳጆች ሥራቸውን እርስ በርስ ሲያሳዩና ሲገማገሙ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ብርሃን ተቀባዩ ንጣፍ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ከተለመደው ሲሰፋ በምስሉ ላይ የሚታየው ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ የባለቤቱ ምኞት የፈጠረው የሚል ነው፤ ልዩነቱ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለዋጋው፣ ለክብደቱና ለዝግታው ይመጥናል ወይ የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ይህ ዳሰሳ ክርክሩን ከምንጩ ጀምሮ ይመረምራል፤ የሚመዝነውም በቤተ ሙከራ መለኪያ ብቻ ሳይሆን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳና በከተማው በወረታ ላይ ነው። ፎገራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሜዳው ለጥ ያለ፣ የቀትር ብርሃኑ ብርቱ፣ ገጽታው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከግጦሽና ከረግረግ ወደ ሩዝ ማሳ የተለወጠ፣ ዙሪያውም የብራና መጻሕፍትንና የግድግዳ ሥዕልን ባቀፉ ገዳማትና አድባራት የተከበበ በመሆኑ፣ ሰፊ ሴንሰር የሚመሰገንበትም የሚነቀፍበትም ነገር በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ይገኛል።

ክርክሩ እስካሁን ሲያጠና የቆየው በአመዛኙ ምስሉ ዛሬ በተመልካች ዐይን ምን እንደሚመስል ነው። የዚህ ዳሰሳ አቋም ግን የሰፊ ሴንሰር ዋና ጥቅም ከብዙ ዓመታት በኋላ ምስሉን ቀርቦ ለሚመረምር ሰው የሚተርፈው ዝርዝር እንደ ሆነና፣ ስለዚህም መሣሪያው ከግለሰብ ጌጥነት ይልቅ ለጋራ መዝገብነት እንደሚገባ የሚያስረዳ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልኬትና ስያሜ

የመካከለኛ ፎርማት ስያሜ የመጣው ከፊልም ዘመን ነው። ኮዳክ በ1901 ያወጣው 120 የተባለው ጥቅል ፊልም ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በላዩ ላይ እንደ ካሜራው ዓይነት 6 በ4.5፣ 6 በ6 ወይም 6 በ7 ሴንቲ ሜትር የሚባሉ ምስሎች ይነሡበት ነበር። ከዚህ የሚያንሰው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ትንሽ ፎርማት፣ በነጠላ ሉህ የሚነሣው ሰፊው ፊልም ደግሞ ትልቅ ፎርማት ተባለ፤ መካከለኛው ስሙን ያገኘው በሁለቱ መካከል በመቀመጡ ነው።

በዲጂታሉ ዘመን መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው ፉል ፍሬም የተባለው ሴንሰር ሲሆን ልኩ የ35 ሚሊ ሜትሩን ፊልም የሚያክል፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት የመካከለኛ ፎርማት ሴንሰሮች በዋናነት ሁለት ልኮች አሏቸው። የመጀመሪያው 44 በ33 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ የፉል ፍሬምን 1.7 እጥፍ ያህላል፤ ሁለተኛው 54 በ40 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፉል ፍሬም 2.5 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ከእነዚህ አንዱም የ6 በ6 ፊልምን ሙሉ ስፋት ስለማያክል፣ የፊልሙን ዘመን የሚያውቁ ወዳጆች ትንሹን ልክ መካከለኛ ፎርማት ብሎ መጥራት ይገባል ወይ ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ከስም ያለፈ መሠረት አለው፤ በ6 በ6 ፊልምና በፉል ፍሬም መካከል ያለው የስፋት ርቀት ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ሲሆን፣ በ44 በ33 ግን ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚወርድ፣ ከፊልሙ ዘመን የተወረሰው ዝና ለዲጂታሉ ሙሉ በሙሉ አይገባውም።

ከፊልም ወደ ሴንሰር

የመካከለኛ ፎርማት ፊልም ካሜራ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው በስዊድናዊው ቪክቶር ሃሰልብላድ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በ1948 የወጣው የመጀመሪያው የሃሰልብላድ ሲቪል ካሜራ ሌንሱ፣ የፊልም ቤቱና መመልከቻው የሚፈታቱና የሚቀያየሩ ነበሩ፤ በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የተጠቀሙትም የዚሁ ድርጅት ካሜራ ነው። የፊልም ቤቱ መፈታቱ ለዲጂታሉ ዘመን በር ከፈተ፤ ሊፍ የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ 4 ሚሊዮን ነጥቦችን ብቻ የሚመዘግብ የዲጂታል ጀርባ፣ ማለትም በፊልም ቤቱ ፈንታ የሚገጠም ሴንሰር፣ አቀረበ። በ1993 ዴንማርክ ውስጥ የተመሠረተው ፌዝ ዋን ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በ2018 የ150 ሚሊዮን ነጥብ ጀርባ ላይ ደርሷል። ፒክስል የሚባለው ይህ ነጥብ ምስሉ የተሠራበት ትንሹ የቀለምና የብርሃን ክፍል ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮን ፒክስል ሜጋፒክስል ይባላል።

ለረጅም ጊዜ እነዚህ መሣሪያዎች ከማስታወቂያ ድርጅቶችና ከቅርስ ተቋማት ውጭ የሚደፈሩ አልነበሩም። ነገሩን የለወጡት ሦስት እርምጃዎች ናቸው። በ2010 እና በ2014 የወጡት የፔንታክስ 645ዲ እና 645ዚ ካሜራዎች ዋጋውን አወረዱ፤ በ2014 ሶኒ የሠራው፣ ሲሞስ የተባለ ዓይነት የ50 ሜጋፒክስል ሴንሰር በተለያዩ አምራቾች ካሜራዎች ውስጥ ገብቶ በደካማ ብርሃን መሥራትን አስቻለ፤ በ2016 ደግሞ ሃሰልብላድ ኤክስ1ዲን፣ ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስን አስተዋውቀው ያለ ውስጣዊ መስታወት የሚሠራ ቀላል አካል አመጡ። ከ2019 ወዲህ በፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 100 የተጀመረው የ102 ሜጋፒክስል ትውልድ ዋጋው ከ10,000 ዶላር ተነሥቶ በ2024 በወጣው ጂኤፍኤክስ 100ኤስ ሁለት ወደ 5,000 ዶላር ወርዷል። ሃሰልብላድም በ2022 ባወጣው ኤክስ2ዲ 100ሲ እኩል የፒክስል ብዛት ላይ ደርሷል። መሣሪያው የባለሙያ ብቻ መሆኑ አብቅቶ የወዳጆች መወያያ የሆነው በዚህ የዋጋ ቁልቁለት ነው።

ክርክሩ የሚያርፍባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ነጥብ ዝርዝር ነው። የ102 ሜጋፒክስል ምስል በወርዱ 11,648፣ በቁመቱ 8,736 ፒክስል ስለሚይዝ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 99 በ74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደጋፊዎች ይህን ሲጠቅሱ ተቃዋሚዎች ሁለት መልስ ይሰጣሉ። አንደኛው፣ የ61 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ካሜራዎች የእያንዳንዱ ፒክስል ልክ ከ102 ሜጋፒክስሉ ጋር አንድ፣ ማለትም 3.76 ማይክሮን ስለሆነ፣ ሰፊው ሴንሰር የሚጨምረው የተሻለ ፒክስል ሳይሆን ብዙ ፒክስል ነው የሚል ነው። ሁለተኛውና ጠንካራው መልስ የሚመጣው ከሰው ዐይን አቅም ነው፤ ጤናማ ዐይን በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚለየው ትንሹ ነገር 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለውን ኅትመት በአንድ ሜትር ርቀት ቆሞ ለሚያይ ሰው 9 ሜጋፒክስል ይበቃዋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ከቆመበት እንደማይንቀሳቀስ ይገምታል። ወደ ኅትመቱ የሚጠጋ፣ ማጉያ መነጽር የሚያነሣ ወይም ፋይሉን ከፍቶ አንድ ጥግ የሚያሰፋ ሰው ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ የዚህ ሰው ማንነት ከዚህ በታች በሰፊው ይታያል።

ሁለተኛው ነጥብ የብርሃን አቅም ነው። ሴንሰሩ ሲሰፋ በእኩል የሌንስ ቀዳዳና በእኩል ጊዜ የሚሰበስበው ጠቅላላ ብርሃን ስለሚጨምር፣ በጥላው ክፍል የሚታየው ነጠብጣብ መሰል ብክለት ይቀንሳል፤ በ44 በ33 ሴንሰር ይህ ትርፍ ከአንድ የብርሃን እጥፍታ በታች፣ በ54 በ40 ደግሞ ከአንድ እጥፍታ ጥቂት በላይ ነው። የብርሃን እጥፍታ፣ በተለምዶ ስቶፕ የሚባለው፣ ብርሃኑ በእጥፍ የሚጨምርበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት ደረጃ ነው። ከዚህ ጋር የሚጠቀሰው ባለ 16 ቢት ምዝገባ 65,536 የብርሃን ደረጃዎችን፣ ባለ 14 ቢት ደግሞ 16,384 ደረጃዎችን ይለያል፤ ሆኖም የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በብክለቱ ስለሚሸፈኑ በዐይን የሚታይ ልዩነት ማሳየት አስቸጋሪ መሆኑን ጥንቁቅ ወዳጆች ራሳቸው ይቀበላሉ።

ሦስተኛው ነጥብ የጥራት ጥልቀት፣ ማለትም ከቅርብ እስከ ሩቅ ጠርቶ የሚታየው ክልል ነው። ሰፊ ሴንሰር ለአንድ ዓይነት ዕይታ ረዘም ያለ ሌንስ ስለሚጠይቅ ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ ፊትን ከጀርባው ለይቶ ለማውጣት የሚሻ ሰው ይህን ይወድደዋል፣ ሜዳን ከእግሩ ሥር እስከ አድማስ ማጥራት የሚሻ ግን ቀዳዳውን ማጥበብ ይገደዳል። ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ በሁለተኛው ነጥብ የተገኘው የብርሃን ትርፍ ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሳያስቀምጥና መዝጊያውን ሳያዘገይ የሰፊ ሴንሰርን ጥቅም ሁሉ በአንድ ጊዜ ላግኝ የሚል ሰው የፊዚክስን ሕግ ይጋፋል።

አራተኛው ነጥብ ቀለም ሲሆን ክርክሩ የሚሞቀው፣ ማስረጃውም የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። ሲሲዲ የተባሉት የቀድሞዎቹ ሴንሰሮች ከዛሬዎቹ ሲሞስ ሴንሰሮች የተሻለ ቀለም ነበራቸው የሚሉ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ቀለም ከሴንሰሩ ዓይነት ይልቅ በላዩ ከሚነጠፈው የቀለም ማጣሪያ፣ ጥሬውን ፋይል ወደ ምስል ከሚለውጠው ሶፍትዌርና ከአንሺው ምርጫ የሚመነጭ ስለሆነ፣ በአንድ የቀለም መለኪያ ካርድ ያልተስተካከሉ ሁለት ካሜራዎችን ማወዳደር ብዙ አያስረዳም።

አምስተኛው ነጥብ ፍጥነት ነው። የሰፊ ሴንሰር መረጃ ተነብቦ እስኪያልቅ ጊዜ ስለሚወስድ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ የሚነሣ ተንቀሳቃሽ ነገር ይጣመማል፤ የማጥሪያው ሥርዓትም በፍጥነት ከፉል ፍሬም ወደ ኋላ ይቀራል። ደጋፊዎች ዝግታው አንሺውን አስተዋይ ያደርገዋል ይላሉ። እውነትነት ቢኖረውም አስተዋይነት ከመሣሪያ የሚገዛ አይደለምና ይህ መከራከሪያ ብቻውን ለመሣሪያው ምስክር ሊሆን አይችልም።

የኢትዮጵያ ማስረጃ

ክርክሩ በቴክኒክ ብቻ ሲታይ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም፤ የኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክ ሲጨመርበት ግን መልኩ ይለወጣል። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የንጉሣዊው መሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። የሠሩበት ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን የሚባል፣ ሰፊ መስታወት በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ የሚነሣበት አድካሚ ዘዴ ቢሆንም ዝርዝሩ እጅግ የጠራ ነው። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅየማዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ምስሎች ይዘው ስፍራዎቹን ፈልገው፣ ያንኑ ገጽታ እንደገና አንሥተው፣ በ2009 ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ኢትዮጵያ የዕፅዋት ሽፋንና የአፈር ጥበቃ እንዴት እንደ ተለወጠ አሳይተዋል። የ1868ቱ አንሺዎች የሚያገለግሉት የጦር ዘመቻን ነበር፤ በገደል ላይ የቆሙትን ዛፎች የሚቆጥር ተመራማሪ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ንባቡን ያስቻለው በመስታወቱ ስፋት የተረፈው ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአየር የመጣ ነው። ጣሊያን ከ1935 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ያስነሣቻቸው የአየር ፎቶግራፎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ተቋም ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ተለይተው ወደ ዲጂታል የተገለበጡ ሲሆን ብዛታቸው 34,000 ያህል ነው፤ እነዚህም ለዘመናቸው ተነሥተው ለኋላ ዘመን መዝገብ ሆነው ተርፈዋል። ዛሬም የአየር ቅየሳ ሥራ ከሰፊ ሴንሰር ያልተለየ ሲሆን፣ ፌዝ ዋን ለአውሮፕላንና ለድሮን ብቻ የተሠሩ የመካከለኛ ፎርማት ካሜራዎችን ያመርታል።

ሦስተኛው ማስረጃ የሚያስተምረው በጉድለቱ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ የክብራን ገብርኤልን፣ የደብረ ማርያምን፣ የሬማንና የዳጋ እስጢፋኖስን ክምችት ለጥናት ያበቃው ሥራ ጀመረ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን የመዘገበ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው ያዘጋጁት ዝርዝር ማውጫ የግእዝ ጥናት መሠረት ሆኖ ይኖራል። እነዚህ ሥራዎች ባለውለታ ናቸው። ያም ሆኖ ማይክሮፊልሙ ጠባብና ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር፣ ጽሑፉን ሲያተርፍ የቀለሙን ዓይነት፣ የሐረጉን ውበት፣ የብራናውን ጠባሳና የተፋቀውን ፊደል ብዙ ጊዜ አላተረፈም።

በአንጻሩ ለትንሽ ካሜራ የሚመሰክር ማስረጃም አለ። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልክ ካሜራ አንሥቶ በአንድ ቀለም መደብ ላይ ያቆመበት «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተሰኘው ሥራው በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ እና የኢንስታግራምን ድጋፍ አስገኝቶለታል፤ አይዳ ሙሉነህ በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስትም የአፍሪካን ፎቶግራፍ ለዓለም ሲያቀርብ መመዘኛው የካሜራ ልክ ሆኖ አያውቅም። ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ «ጄኔሲስ» የተባለውን ታላቅ ሥራውን በ2004 በመካከለኛ ፎርማት ፊልም ጀምሮ፣ በ2008 የአውሮፕላን ማረፊያ ኤክስሬይ ፊልሙን እያበላሸ ስላስቸገረው ወደ ፉል ፍሬም ዲጂታል ተሸጋገረ፤ ከላሊበላ ተነሥቶ በሰሜን ተራሮች በኩል 850 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ የተጓዘውም በዚያው ዓመት ነው። የሁለቱ መሣሪያዎች ምስሎች በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ታትመው አንባቢውን አላስቸገሩም። ከእነዚህ ሁሉ ማስረጃዎች የሚገኘው ሚዛን፣ የምስል ውበትና ኃይል የሴንሰር ስፋትን እንደማይጠብቁ፣ የምስል ማስረጃነት ግን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ነው።

ፎገራ በሰፊው ሴንሰር ፊት

የፎገራ ሜዳ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከደብረ ታቦር ወገን ካለው ደጋ አፈር ተሸክመው እየወረዱ ያነጠፉት ደለል ነው። በክረምት ይጥለቀለቃል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቅሏል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በሜዳው ስም የሚጠራው የፎገራ ከብት ዝርያ የሚሰማራበት የነበረው ረግረግ፣ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ከተጀመረው የሩዝ ልማት ወዲህ ወደ ሩዝ ማሳ ተለውጦ፣ ዛሬ አገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ይገኛል።

ለዚህ ገጽታ ሰፊ ሴንሰር የሚሰጠው ጥቅም በሜዳው ጠፍጣፋነት ይጀምራል። ከላይ የተጠቀሰው የጥራት ጥልቀት ችግር በተራራማ አገር መፍትሔው አስቸጋሪ ሲሆን፣ በፎገራ ግን መሬቱ ራሱ አንድ ገበታ ስለሆነ የሚያዘነብል ሌንስ በትክክል ይሠራበታል። ይህ ሌንስ ከሴንሰሩ አንጻር ዘንበል ሲል የሚጠራውን ስፍራ ከቋሚ ግድግዳነት ወደ ተጋደመ ወለልነት ስለሚለውጠው፣ ቀዳዳውን ብዙ ሳያጠቡ ከቅርቡ የሩዝ ዛላ እስከ ሩቁ የባሕር ዛፍ መስመር ድረስ ማጥራት ይቻላል። ፉጂፊልም በ2023 ለመካከለኛ ፎርማት ካሜራዎቹ እንዲህ ያሉ ሁለት ሌንሶችን አቅርቧል። ለተራራ አገር የማይመች መሣሪያ ለሜዳ አገር እንዲህ መስማማቱ፣ የመሣሪያ ክርክር ከስፍራ ተለይቶ መካሄድ እንደሌለበት ያስረዳል።

ይሁን እንጂ አየሩም ድርሻ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ ሙቀት መሬቱ ሲግል በላዩ የሚንቀጠቀጠው አየር የሩቁን ነገር ያደበዝዘዋል፤ ያን ጊዜ 102 ሜጋፒክስሉ የሚመዘግበው የአየሩን መንቀጥቀጥ እንጂ ዛፉን አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስም የሩዙን ዛላ ስለሚያወዛውዘው፣ በመቆሚያ ላይ ተቀምጦ በዝግታ የሚሠራው ካሜራ ዝርዝሩን ያጣል። ለዚህ ሥራ የሚመቹት ዝናቡ አየሩን አጥቦ የሚያልፍበት የመስከረም ወር፣ ኑግ በቢጫ አበባው የሚደምቅበት ጥቅምትና ሩዙ የሚያፈራበት ኅዳር ሲሆኑ፣ ሰዓቱም ነፋስና ሙቀት ያልተነሣበት ማለዳ ነው።

የሰው ምስል ሌላ ፈተና አለው። ነጭ ነጠላ የተከናነበች የወረታ ገበያተኛ በቀትር ፀሐይ ስትቆም በጨርቁ ንጣትና በፊቷ ጥላ መካከል ያለው የብርሃን ርቀት የብዙ ካሜራዎችን አቅም ይፈትናል፤ ጨርቁ ሲተርፍ ፊቱ ይጨልማል፣ ፊቱ ሲተርፍ ጨርቁ ነጭ እድፍ ይሆናል። በዚህ ላይ የሰፊ ሴንሰር ትርፍ በግልጽ ይታያል። የሃሰልብላድ ሌንሶች መዝጊያቸው በውስጣቸው ስለሆነ ከፍላሽ ጋር በእጅግ አጭር የመዝጊያ ጊዜ መተባበራቸው በቀትር ብርሃን ፊትን በስሱ ለማብራት ያስችላል። በሌላ በኩል ዙምራ ኑሩ በ1972 በፎገራ ወረዳ የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ የሚታወቅበትን ሽመና ለማንሣት የሚሞክር ሰው ሞይሬ የተባለውን እክል ያገኛል። ሞይሬ የጨርቁ ድርና ማግ ከሴንሰሩ የፒክስል መስመር ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር የሐሰት ቀለምና ሞገድ ሲሆን፣ የመካከለኛ ፎርማት ሴንሰሮች ይህን የሚከላከለው ማለስለሻ ማጣሪያ ስለሌላቸው ለጥበብና ለጋቢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ርቀትን ወይም አቅጣጫን በትንሹ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በብራና መጻሕፍት ረገድ ስሌቱ ቀላልና ግልጽ ነው። ዓለም አቀፍ የቅርስ ምዝገባ መመሪያዎች ለከፍተኛ ጥራት በአንድ ኢንች 400 ነጥብ ይጠይቃሉ። በዚህ ልክ የ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ካሜራ 38 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ 61 ሜጋፒክስሉ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ የ102 ሜጋፒክስሉ መካከለኛ ፎርማት ደግሞ 74 በ55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። ለትንሽ መዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው ይበቃል፤ ተዘርግቶ ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ለሚነሣ ትልቅ ተአምረ ማርያም ወይም ለግድግዳ ሥዕል ግን ሰፊው ሴንሰር ብራናውን ደጋግሞ ከመገላበጥና ከማንቀሳቀስ ያድናል። መጽሐፉ ከመቅደስ ብዙ ለማይርቅበት፣ ካህኑም ለአጭር ሰዓት ብቻ አውጥቶ ለሚያሳይበት አሠራር ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

መሣሪያው የማይመችበትም ስፍራ አለ። በፎገራ የሚገኙት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች በክረምት ማለፊያ ከአውሮፓ ተሰድደው ለሚመጡ ክሬን የተባሉ ረጃጅም ወፎች ማረፊያ ናቸው። በበረራ ላይ ያለን ወፍ ለመከተል ፈጣን ማጥሪያና እጅግ ረጅም ሌንስ ስለሚያስፈልግ፣ ለዚህ ሥራ ፉል ፍሬምና ከእሱም የሚያንሱት ካሜራዎች ይሻላሉ። በእርሻ መስፋፋት እየጠበበ ያለውን የረግረጉን ዳርቻ፣ ወይም ከ2011 ጀምሮ በጣና ዳር የታወቀውን የእምቦጭ አረም ከአንድ ቋሚ ነጥብ ዓመት በዓመት መመዝገብ ግን የሰፊው ሴንሰር ተግባር ነው።

ዋጋ፣ ማከማቻና ኃላፊነት

የዋጋው ነገር በኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም የከበደ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የ5,000 ዶላር ካሜራ ቀረጥና ሌንስ ሳይታሰብ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ከወረታ ፎቶ ቤት ባለቤት ይህን መጠየቅ አይቻልም፤ የሠርግና የጥምቀት ሥራውም አይጠይቀውም። ከግዢው በኋላ የሚመጣው የማከማቻ ወጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያልታመቀ ባለ 16 ቢት ጥሬ ፋይል 200 ሜጋባይት ያህል ስለሚመዝን 500 ምስል 100 ጊጋባይት ይሞላል፤ ሁለት ቅጂ ያልተቀመጠለት ምስል ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። በተጨማሪም እያንዳንዱ አምራች የራሱ የጥሬ ፋይል ዓይነት ስላለው፣ ለረጅም ዘመን የሚቀመጠው ምስል ቲፍ ወይም ዲኤንጂ በመሳሰሉ በሰፊው በሚነበቡ የፋይል ዓይነቶችም ሊገለበጥ ይገባል።

ዝርዝር ሲበዛ ኃላፊነትም ይበዛል። ሙሉ ገበያን ከሩቅ ያነሣ የ102 ሜጋፒክስል ምስል ሲሰፋ የብዙ ሰዎችን ፊት ለይቶ ያሳያል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በትጥቅ ግጭት ውስጥ በቆየበት ሁኔታ ደግሞ የአንድ ሰው ፊት በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ መገኘቱ መመዝገቡ ለእሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ለቅርብ ምስል ብቻ የሚያስፈልግ ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ ለሰፊው ዕይታም የሚያስፈልግ ግዴታ ሆኗል፤ ሰዎች ተለይተው የሚታዩባቸው ፋይሎች በሙሉ ጥራት ከመሰራጨታቸው በፊት መመርመር አለባቸው። ለተነሣው ሰው የታተመ ቅጂ መስጠትም ከዚሁ ኃላፊነት ይመደባል።

መደምደሚያ

ከዚህ ዳሰሳ የሚወጣው መልስ ለሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች ከፊል እውነት ይሰጣል። ምስሉን በግድግዳ ላይ ወይም በስልክ ላይ አይቶ ለሚያልፍ ተመልካች ሰፊ ሴንሰር የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ በዚህ ላይ ተቃዋሚዎች ትክክል ናቸው። ቀርቦ ለሚመረምረው፣ ማለትም ለታሪክ አጥኚው፣ ለአካባቢ ተመራማሪው፣ ለሠዓሊው፣ ለግእዝ ሊቁና ለባለ እርሻው የልጅ ልጅ ግን የሚጨምረው ብዙ ነው፤ በዚህም ደጋፊዎቹ ከሚያስቡት በላይ ትክክል ናቸው። ስሕተቱ የሁለተኛውን ሰው መሣሪያ ለመጀመሪያው ሰው ሲሉ መግዛትና መተቸት ላይ ነው።

ለፎገራ ይህ ማለት አንድ ካሜራ ለአንድ ሰው ከሚሆን ይልቅ አንድ ካሜራ ለአንድ አገር ቢሆን ይሻላል ማለት ነው። የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሩዝ ምርምር ማዕከሉ፣ ሀገረ ስብከቱና በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ክልል አስተዳደር አንድ የመካከለኛ ፎርማት መሣሪያ በጋራ ይዘው፣ በርብና በጉማራ ዳር፣ በረግረጎቹ ጫፍና በሩዝ ማሳው ላይ የቦታ መለኪያ ቁጥራቸው የታወቀ ቋሚ ማንሻ ነጥቦችን ወስነው፣ በየዓመቱ በመስከረም፣ በኅዳርና በሚያዝያ ከእነዚያው ነጥቦች በዚያው ሌንስ ቢያነሡ ወጪው ከአንድ አነስተኛ ፕሮጀክት አይበልጥም። የወረታና የአካባቢዋ ፎቶግራፍ አንሺዎች ቦታውን፣ ወቅቱንና ሰውን ከማንም በላይ ስለሚያውቁ የሥራው ባለቤቶች እነሱ ሊሆኑ ይገባል፤ ውይይታቸውም የማን ካሜራ ይበልጣል ከሚለው ወጥቶ ምን ተመዘገበ፣ የት ተቀመጠ፣ ማን ያገኘዋል ወደሚለው ቢዞር መሣሪያው ዋጋውን ይመልሳል። በ1868 የተነሡት ምስሎች ጥቅማቸው የታወቀው ከ140 ዓመት በኋላ ነው፤ የዛሬው የፎገራ ገጽታ በ2160ዎቹ ተነጻጽሮ እንዲጠና የሚፈለግ ከሆነ መነሣት ያለበት ረግረጉ፣ ማሳውና ብራናው በስፍራቸው ሳሉ ነው።